ብቻቸውን ለመቆም የማሉት ዲያቆን

ዲያቆን ክሊዮፈስ ብራተን በዚያ የነሐሴ ቀን ከማንም ጋር ለመጣላት ዝግጁ ነበሩ። ከጡረታ ቢሮው ሲወጡ በሩን የገፉት በትከሻቸው ነው፤ በእጃቸው በር መግፋት ካቆሙ ቆይተዋል። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛ የጉዳት ጡረታ ጥያቄያቸው ለሁለተኛ ጊዜ ውድቅ እንደሆነ፣ ቅር ካላቸው ዳኛ ፊት ቀርበው መከራከር እንደሚችሉ፣ ወኪል መያዝም መብታቸው እንደሆነ ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው ነግራቸዋለች። እሳቸውም "ወኪል ምን ያደርግልኛል? አፍ አለኝ" ብለዋት ወጡ።

ያ አፍ እስከዚያ ቀን ድረስ በራሳቸው ላይ ምን ሲናገር እንደኖረ ግን ገና አልገባቸውም ነበር።

ዲያቆኑ ጉልምስናቸውን የጨረሱት በሚሲሲፒ ዴልታ፣ በአንድ የአምባዛ ዓሣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቆዳ መግፈፊያው ማሽን ላይ ቆሙ፣ ኋላም በበረዶ የተሞላ ካርቶን ሲሸከሙ ኖሩ። ቅዝቃዜውና የማያቋርጠው እንቅስቃሴ በመጀመሪያ ጣቶቻቸውን አደነዘዘ፤ ከዚያ አንድ ቀን ርጥብ ወለል ላይ ከነሸክማቸው ተንሸራተው ወገባቸው ተጎዳ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግን ወገባቸው ከዚያ ወዲህ የሳቸው አልሆነም። ፋብሪካው ለተወሰነ ጊዜ ጠብቆ አሰናበታቸው። መንግሥት ደግሞ፣ ከደመወዛቸው ለዚሁ ቀን ብሎ በየወሩ ሲቆርጥ የኖረው መንግሥት፣ አሁን "ሌላ ሥራ መሥራት ይችላሉ" አላቸው። የነደዱት በዚህ ነው። ውሸታም የተባሉ ያህል ነበር የቆጠሩት።

በጥጥ ማሳው መሐል በሚያልፈው መንገድ ወደ ቤት ሲነዱ የኋላ ጎማቸው ፈነዳ። መኪናዋን ዳር አስይዘው ወረዱና ክሪኩን አወጡ፤ እሱን እንኳ በክርናቸው ደግፈው ነው ያወጡት። ቡሎኑን ለመፍታት ቢታገሉም ቁልፉ ከእጃቸው እየሾለከ ወደቀ። ደግመው አነሱት፤ ደግሞ ወደቀ። በመጨረሻ ቁልፉን በእግራቸው ወደ ቦዩ መቱትና መኪናዋን ተደግፈው ቆሙ። ሳይቆም ያለፈ መኪና ሁሉ ድካማቸውን ያየባቸው መሰላቸው።

አንዲት ወጣት ሴት መኪናዋን ከኋላቸው አቆመች። የቢሮ ልብስ ለብሳለች። ኮቷን አውልቃ ወንበሯ ላይ ጣለች፣ ወደ ቦዩ ወርዳ ቁልፉን አመጣችና ተንበረከከች።

"ይተዉት፣ አጎት ክሊዮፈስ። እኔ እፈታዋለሁ።"

"ማን ነሽ አንቺ?"

"ጆስሊን ነኝ። የቨርኔል ቲግ ልጅ።"

ቨርኔል በፋብሪካው ከጎናቸው ቆማ ቢላዋ የምትይዝ ሴት ነበረች። የሬሳ ሳጥኗን ከያዙት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ያኔ እጃቸው መያዝ ይችል ነበር። ልጅቷ ትምህርት ብላ ጃክሰን እንደሄደች ሰምተዋል እንጂ እንደተመለሰች አላወቁም። አሁን የሟች ጓደኛቸው ልጅ አስፋልት ላይ ተንበርክካ ጎማቸውን ስትቀይር፣ እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል። ከማመስገን ይልቅ መቆጣት ቀለላቸው፤ ከየት እንደሚመጡ ስትጠይቃቸውም የቢሮውን፣ የሠራተኛዋንና የመንግሥትን ነገር እየረገሙ አወረዱት። ስትጨርስ ሁለቱም በመንገዱ ዳር ካለችው የፔካን ዛፍ ጥላ ሥር ቆሙ።

"እና ዳኛው ፊት ምን ሊሉ ነው?" አለች እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

"እውነቱን ነዋ። እውነት የያዘ ሰው ሌላ ምን ያስፈልገዋል?"

"ባለፈው ሐኪሙ 'እንዴት ነዎት' ሲልዎት ምን አሉት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ አልኩት። ሰው ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል?"

"እሱም እንደዚያው ጻፈ። 'ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል' ብሎ። ጡረታ ቢሮው ያንን ነው ያነበበው። ቅጹ ላይ የግቢዎን ሣር ማን ያጭዳል ተብለው ሲጠየቁስ?"

"እኔ ነኝ ብዬ ሞላሁ። ግቢው የኔ ነው።"

"ማነው የሚያጭደው?"

ዲያቆኑ መንገዱን አዩ። የሚያጭደው የሚስታቸው ወንድም ነበር።

"ውሸታም ልትዪኝ ነው?" አሉ ድምፃቸው እየወፈረ።

"ኩሩ ነዎት ነው የምልዎት። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ኩሩ ሰውና ጤነኛ ሰው አይለዩም። እውነቱን ተናግሬ አላመኑኝም ይላሉ፤ እኔ የምልዎት ገና አልተናገሩም ነው።"

እንዲህ ያለ ነገር ከልጅ አፍ ሰምተው አያውቁም። እሷ ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቀች ሲጠይቋት ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ሕግ ተምራ፣ የጉዳት ጡረታ ጠያቂዎችን በዳኛ ፊት የምትወክል ጠበቃ ሆናለች። ያን ጊዜ ዲያቆኑ ሳቁ፤ መልካም ሳቅ ግን አልነበረም።

"አሁን ገባኝ። መንገድ ለመንገድ እየዞርሽ የተሰበረ ሰው ትለቅሚያለሽ። እንጀራሽ የኛ ሕመም ነው።"

የጆስሊን ፊት ተለወጠ። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ የሌሎች ጠበቆችን ስም ጻፈችና መኪናቸው መስኮት ላይ አኖረችው። የራሷን ስም አልጻፈችም።

"ከነዚህ አንዱን ይያዙ። እኔን አይያዙ፤ ግን ብቻዎን አይሂዱ። እናቴ ዳኛው ፊት ብቻዋን ነው የሄደችው። የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ለዳኛው ፈገግ ብላ 'እንደምንም እንኖራለን' አለችው። ጥያቄዋን ውድቅ ባደረገው ውሳኔ ላይ ምን ተብሎ እንደሰፈረ ያውቃሉ? ጠያቂዋ ጭንቀት አይታይባትም፣ አለባበሷም የተስተካከለ ነው። በዚያው ልብስ ነው የተቀበረችው፣ አጎት ክሊዮፈስ። እርስዎ ተሸክመዋታል።"

ከዚያ መኪናዋን አስነስታ ሄደች።

ዲያቆኑ ቤታቸው የደረሱት የባሰ ተናደው ነው። ለሚስታቸው ለሮዜታ የልጅቷን ድፍረት ሲያወሩ፣ ከጎናቸው ትቆማለች ብለው ነበር። ሮዜታ ከሞቴል አልጋ ስታነጥፍ ውላ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። እስኪጨርሱ አዳመጠቻቸው።

"ሸሚዝህን የሚቆልፍልህ ማነው?" አለች። "ሥጋህን የሚቆርጥልህስ? ከመታጠቢያ ገንዳ የሚያወጣህ? አንተ ለዓለሙ ሁሉ ደህና ነኝ ባልክ ቁጥር የምትሰርዘው እኔን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ አነጥፋለሁ፣ ማታ ደግሞ አንተን አነሳለሁ፣ ይህም እንደሌለ ይቆጠራል። ያቺ ልጅ የተናገረችውን እኔ ለመናገር ፈርቼ ነው የኖርኩት።"

ሮዜታ በትዳር ዘመናቸው እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። በዚያ ሳምንት በየሰበቡ ተነጫነጩ፤ የሚናደዱት በማን ላይ እንደሆነ ግን እየተምታታባቸው መጣ። ሰው ለረጅም ጊዜ የተቆጣበት ነገር የራሱ ዝምታ መሆኑን ሲጠረጥር፣ ቁጣው ማረፊያ ያጣል። በመጨረሻ ለሮዜታ እንኳ ሳይነግሩ መኪናቸውን አስነስተው፣ ሰው ጠይቀው ወደ ጆስሊን ቢሮ ሄዱ። ቢሮዋ ከአንድ የፀጉር ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ነበረች።

ሲገቡ ሰላምታ አላቀረቡም። ልፈርም አልመጣሁም፣ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አሏት። መጀመሪያ ስለ ክፍያ ጠየቁ፤ እሷም ውሉን ገልብጣ አሳየቻቸው። ከፊት ምንም አይከፈልም። ከተሸነፉ ለድካሟ ምንም የለም። ካሸነፉ ሕግ የወሰነው ድርሻ፣ ከወሰኑ ሳያልፍ፣ እስከዚያ ሳይከፈላቸው ከተጠራቀመው ውዝፍ ላይ ብቻ ይነሳል፤ ያንንም መንግሥት ራሱ ካላጸደቀው መውሰድ አትችልም። ከየወሩ ጡረታቸው አንድ ሳንቲም አትነካም። ከዚህ ውጭ በጎን ክፈሉኝ የሚል ወኪል ካጋጠማቸው ጥለውት እንዲወጡ ነገረቻቸው።

ዲያቆኑ ሌላውን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ ከልባቸው ሥር የነበረውን አወጡት።

"አያቴ መሬት ነበራቸው። ራሳቸው መንጥረው፣ ራሳቸው ያለሙት መሬት። ከሞቱ በኋላ መሬቱ ሳይከፋፈል ቺካጎ ያለ አንድ የአጎቴ ልጅ ድርሻውን ሸጠ፤ የገዛው ሰው ጠበቃ ይዞ መጣና ፍርድ ቤቱ መሬቱ በሙሉ በሐራጅ ይሸጥ አለ። አባቴ ተነጠቀ። እስኪሞት ድረስ 'ጠበቃ ባለበት ክፍል አትግባ' እያለ ነው ያሳደገኝ። አሁን ምን ልትዪኝ ነው?"

ጆስሊን ውሉን ወደ ጎን አደረገች።

"በዚያ ፍርድ ቤት የአባትዎ ጠበቃ ማን ነበር?"

"ጠበቃ ምን ሊያደርግለት? መሬቱ የኛ መሆኑን አገር ያውቃል። እሱ ራሱ ቆሞ ተናገረ።"

"ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠበቃ ነበረ፤ ያውም በወዲያኛው ወገን። እርስዎ ከዚህ የተማሩት ጠበቃ ሌባ ነው የሚለውን ነው። እኔ ከዚሁ ታሪክ የምማረው ሌላ ነው፤ አባትዎ ብቻቸውን መቆማቸውን። እሳቸውስ አማራጭ አልነበራቸውም፤ ያኔ በዚህ አውራጃ ለጥቁር ገበሬ የሚቆም ጠበቃ ከየት ይመጣል? እርስዎ ግን አለዎት። ያን ቀን የተደረገባቸውን በራስዎ ላይ በገዛ ፈቃድዎ ይደግሙታል?"

ዲያቆኑ ተነሱ፣ በሩ ድረስ ሄዱ፣ ተመለሱ።

"እኔን የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዕድሜዬን በሙሉ ሠርቻለሁ። ለመታመን ሰው መቅጠር አለብኝ? አንድ ሰው ተጎድቻለሁ ሲል ለምን አይበቃም?"

"ሊበቃ ይገባ ነበር" አለች ጆስሊን። እሷም እንደሳቸው ተቆጥታ ነበር። "አይበቃም። ይህ ነውር ነው፤ ነውሩ ግን የእርስዎ አይደለም። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ነገሩ ትክክል ስለሆነ አይመስልዎት። ትክክል እስኪሆን ድረስ ሰው እየሞተ መጠበቅ ስለሌለበት ነው።"

ፈረሙ። ለመፈረም ብዕሩን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ጆስሊን ይህንንም አየችና ማስታወሻ ያዘች። ዲያቆኑ ቅር ሲላቸው፣ ሥራዋ ይኸው እንደሆነ ነገረቻቸው፤ እሳቸው የደበቁትን ማየት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀላል አልነበሩም። ጆስሊን የይግባኝ ጥያቄውን ቀነ ገደቡ ሳያልፍ አስገባች። ዲያቆኑን ወደ ሐኪማቸው መልሳ ላከቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ሮዜታ አብራ ገባች። ሐኪሙ እንዴት ነዎት ሲል ዲያቆኑ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሮዜታ ጉልበታቸውን ያዘች። እሳቸውም ከብዙ ትግል በኋላ ጣቶቻቸው እንደማይሰሟቸው፣ ብዙ መቀመጥም መቆምም እንደማይችሉ ተናገሩ። ሐኪሙ ተገርሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቃቸው፤ ከዚያም የነርቭ ምርመራ አዘዘ። ምርመራው እነዚያ እጆች ከሞቱ መቆየታቸውን አሳየ። እስከዚያ ድረስ ማንም አላዘዘውም ነበር፤ ደህና ነኝ ለሚል ሰው ማን ምርመራ ያዝዛል?

የችሎቱ ቀን ዲያቆኑ ጥሩ ልብሳቸውን ሊለብሱ ፈለጉ። ጆስሊን ይልበሱ አለቻቸው፤ ማን እንዳለበሳቸው ግን ከተጠየቁ እንዲናገሩ አሳሰበቻቸው።

ክፍሉ ትንሽ ነበር። ዳኛው ደከም ያሉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ዲያቆኑ ክፉ ሰው ጠብቀው ስለነበር ይህ ራሱ አናደዳቸው። ዳኛው ማብሰል ይችሉ እንደሆነ፣ መንዳት ይችሉ እንደሆነ ጠየቋቸው። ከዚያ ጆስሊን ጀመረች፤ ቀኑን ከጠዋት ጀምረው እንዲነግሩ አደረገቻቸው። ዲያቆኑ ጠረጴዛውን እያዩ ተናገሩ፤ ስለ ሸሚዙ ቁልፍ፣ ስለ ሥጋው፣ ስለ ገንዳው። ይህን ሁሉ የምታደርግላቸው ሮዜታ መሆኗንም ተናገሩ። በሕይወታቸው እንዲህ የተዋረዱ አልመሰላቸውም፤ እንዲህም እውነት ተናግረው አያውቁም።

ቀጥሎ በስልክ የሚመሰክር አንድ የሥራ ጉዳይ ባለሙያ ነበረ። ዳኛው እንዲህ ያለ ወገብ ያለው፣ ቀላል ነገር ብቻ የሚያነሳ ሰው ምን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ጠየቁት። ባለሙያው ሳያመነታ ዘረዘረ፤ ተቀምጦ ጥቃቅን ዕቃ መለየት፣ መገጣጠም፣ ማሸግ። ዲያቆኑ ሊነሱ ቃጡ፤ ጆስሊን ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

"ያው ሰው" አለች ለባለሙያው፣ "በምርመራው እንደታየው፣ ጣቶቹን በሥራ ቀኑ ከጥቂት ጊዜ በላይ መጠቀም የማይችል ቢሆን፣ ከዘረዘሯቸው ሥራዎች የትኛው ይቀራል?"

በስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

"አንዱም አይቀርም" አለ ባለሙያው። "ለእንዲህ ያለ ሰው ሥራ የለም።"

አለቀ። ዲያቆኑ ድል ያደረጉ አልመሰላቸውም። መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ብቻ ቁጣቸው መጣ፤ ከዚያ በፊት ተቆጥተው የማያውቁት ዓይነት ቁጣ። ያ መልስ በሰውዬው አፍ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ነው። የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነበር የጎደለው። ማንም ባይጠይቀው ኖሮ ሰውዬው ዕቃ ይለያል፣ ያሽጋል እንዳለ ስልኩን ይዘጋ ነበር። ወደ ጆስሊን ዞሩ።

"ለእናትሽ ይህን የጠየቀላት አልነበረም።"

"አልነበረም" አለች። መኪናዋን ከፍታ ገባችና ወዲያው አልሄደችም፤ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ዲያቆኑም ከጎኗ ቆመው ጠበቋት።

ውሳኔው ከብዙ መጠበቅ በኋላ መጣ፤ ተፈቅዶላቸዋል። የጆስሊን ድርሻ ከውዝፉ ላይ ሲነሳ ዲያቆኑ ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ ልማድ ነው። ግን ያ ወኪል ባይኖር የሚነሳበት ውዝፍም እንደማይኖር ራሳቸው ለሮዜታ ሲያስረዷት ተሰሙ። ሮዜታ የሞቴሉን ሥራ ተወች። ጡረታው የሕክምና ሽፋን ስለሚያስከትል እጃቸውን የሚያይ ስፔሻሊስት አገኙ፤ እጁ ባይመለስም ሕመሙ ቀለለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነበር፤ በዚያ ቤት ውስጥ ደህና ነኝ የሚል ሰው አልቀረም። ዲያቆኑ ሲያማቸው ያማኛል ይላሉ፤ ሮዜታ ስትደክም ደከመኝ ትላለች።

የወንዶች የጸሎት ማኅበር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ አንድ እሑድ፣ ኤልሞር የሚባል የድሮ የፋብሪካ ባልደረባቸው ደረጃውን በአንድ እግሩ እየጎተተ ሲወርድ አዩት። እሱም ተከልክሏል፤ ችሎቱም ደርሷል። ዲያቆኑ ወኪል ይዘሃል ወይ ሲሉት፣ እሱ ለማንም የኪሱን እንደማያካፍል፣ እግዚአብሔር ልቡን እንደሚያውቅና ቆሞ እውነቱን እንደሚናገር ነገራቸው። ዲያቆኑ ገና ሳይጨርስ ደማቸው ፈላ።

"እግዚአብሔር ልብህን ያውቃል። ዳኛው አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው መዝገብህን ነው። መዝገብህ ላይ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ሐኪም ባየህ ቁጥር ምን ትለዋለህ?"

"ምን እለዋለሁ? ደህና ነኝ ነዋ።"

"ግባ መኪናው ውስጥ።"

"ክሊዮፈስ፣ ምሳ..."

"ቨርኔልን አብረን ነው የቀበርናት። ግባ አልኩህ።"

ኤልሞር የጆስሊን ቤት እስኪደርሱ ድረስ ጠበቆችን፣ መንግሥትንና ዲያቆኑን ራሳቸውን እየረገመ ሄደ። ዲያቆኑ አላቋረጡትም። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ዳኛ ፊት ግን ትክክል መሆን ብቻ እንደማይበቃ ስላወቁ ነው ብቻውን ሊልኩት ያልፈለጉት።